ፌሮ የሌለበት ሕንፃ፦ የአቡ ዳቢው ዘመናዊ የሂንዱ ቤተ መቅደስ እንዴት ነው የቆመው?

የአርማታ ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። አቡ ዳቢ ነኝ። ሥራዬ ፌሮ ማሰር ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ብረት ሳስር ኖሬ ባለፈው እሁድ ብረት የሌለው ሕንፃ ውስጥ ገባሁ። ይኸው እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ከዱባይ ወደ አቡ ዳቢ በሚመጣው አውራ ጎዳና የምትመላለሱ ታውቁታላችሁ፣ አቡ ሙረይካ የሚባለው ቦታ ነው። በረሃ። ከሩቅ ሰባት ሹል ማማ ይታያል። ቀለሙ ሮዝ ነው፣ ግን የከረሜላ ሮዝ እንዳይመስላችሁ፣ ወደ ሸክላ የሚወስደው ዓይነት። ሰባቱ ማማ ሰባቱን ኤሚሬትስ ነው የሚወክሉት። መሬቱን የሰጡት የአገሩ መሪ ሼክ መሐመድ ቢን ዛይድ ናቸው። ተመርቆ የተከፈተው ፌብሩዋሪ 2024 ነው፣ የህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ መጥተው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የኛው እዚህ አገር ተምታቶብኛል።)

የሥራ ባልደረባዬ ጉጃራቲ ነው፣ የህንድ ጉጃራት ሰው፣ እሱ ነው ጎትቶ የወሰደኝ። እንደነገረኝ ድንጋዩ እዚህ አልተጠረበም። ህንድ ውስጥ፣ ራጃስታን አካባቢ ተጠርቦና ተቀርጾ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ተጽፎበት በመርከብ ነው የመጣው። 25,000 ገደማ ቁራጭ። እዚህ የቀረው እንደ ልጆች መጫወቻ መገጣጠም ነበር። «አንዱ ቁራጭ መንገድ ላይ ቢጠፋስ?» ስለው ሳቀብኝ።

ውስጡ ነጭ የጣሊያን እብነ በረድ ነው። 402 ምሰሶ አለው፣ ባዶ የተተወ ፊት አይታይም። ዝሆን አለ፣ ከበሮ የሚመታ ሰው አለ፣ ለአገሩ ሰው ክብር ደግሞ ግመል ሳይቀር ቀርጸዋል። አንዱ ምሰሶ ሥር ተንበርክኬ መገጣጠሚያውን ፈለግኩ። ማልታ አላየሁም። ጥፍሬን ላስገባ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ጥበቃው ቆሞ ያየኛል። የምጸልይ መስሎት ነው መሰለኝ ዝም አለኝ።

ጥያቄዬ ይቺ ናት። ሕንፃው 33 ሜትር ከፍታ አለው፣ በነሱ ልኬት 108 ጫማ፣ 108 ደግሞ የተቀደሰ ቁጥር ነው። እኛ ሳይት ላይ ለአንዲት በረንዳ ስንት ኩንታል ፌሮ እንደምናስር እኔ ነኝ የማውቀው። ያ ሁሉ ድንጋይ ያለ ፌሮ አናታችን ላይ የማይወርደው በምን ሒሳብ ነው? የምታውቁ አስረዱኝ።

ሜዳ ፕላን፦

አርክቴክቸር አምስተኛ ዓመት ነኝ፣ ልሞክር።

ድንጋይ ሲጫኑት ጀግና ነው፣ ሲስቡት ሰነፍ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። አንድ ረጅም ድንጋይ እንደ ወጋግራ ሁለት ምሰሶ ላይ ብታጋድመው የላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይለጠጣል። ድንጋይ መለጠጥ አይችልም፣ ከሥር በኩል ቀጭ ይላል። አርማታ ላይ ፌሮውን ወደ ታች አድርጋችሁ የምታስሩት ለዚሁ ነው፣ ይሄን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ፌሮ ከሌለህ ቀላሉ መንገድ ርቀቱን ማሳጠር ነው። ምሰሶ በምሰሶ ማድረግ። ስለዚህ 402ቱ ለቅርጽ ማሳያ ብቻ የተተከሉ አይደሉም። ደን ውስጥ የገባህ የመሰለህ ድንጋዩ ረጅም መዘርጋት ስለማይችል ነው።

ጉልላቱ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። መጀመሪያ አንድ ክብ የድንጋይ ቀለበት ትደረድራለህ። በላዩ ሌላ ቀለበት፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ያለ። በላዩ ሌላ። እየጠበበ ይሄድና መሐሉ ላይ በአንድ ድንጋይ ይዘጋል። ያቺ የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ እንደ ሎተስ አበባ ተቀርጻ ቁልቁል ትንጠለጠላለች። የመሶብ ክዳን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩት፣ እሱ ነው።

እማማ ስፌት፦

ሜዳ ፕላን፣ ምሳሌህ ቆንጆ ነው ግን ስፌት የሚጀመረው ከጫፉ ነው፣ ልጄ። አክርማው ከአናቱ ተነስቶ ነው እየሰፋ የሚወርደው። ያንተ ጉልላት ግን ከሥር ነው የሚጀምረው። እስኪዘጋ ድረስ ምን ይዞት ይቆማል?

ሜዳ ፕላን፦

ሃሃ ተያዝኩ። እማማ፣ ትክክል ነዎት። ሲሠራ መቆሚያ እንጨት ይደረግለታል። ግን እያንዳንዱ ዙር ራሱ ክብ ስለሆነ፣ አንዴ ከገጠመ ድንጋዮቹ እርስ በርስ ስለሚተጋገፉ ወደ ውስጥ መውደቂያ ቦታ የላቸውም። ከኋላ ደግሞ ክብደት ይጫንባቸዋል። ጣሪያው ላይ የሚያዩት ያ ሁሉ ሹል ነገር ለዓይን ብቻ የተደረደረ አይደለም፣ ተጭኖ ይይዛል።

ጋሼ ባለሜትሩ፦

ልጆቹ ጥሩ እያወራችሁ ነው። እኔ በሥራ ተቋራጭነት ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስለ ብረቱ አንድ ነገር ልጨምር።

ብረት ጠላት የሚሆነው ሲዝግ ነው። ዝገት ከነበረው ብረት የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ውስጥ ሆኖ ሲያብጥ መውጫ ስለሌለው ያፈነዳዋል። የዛሬ ሃያ ዓመት እኔው ራሴ ያሠራኋት በረንዳ ነበረች፤ ሽፋኑን አሳስቼ ነው ያስሞላሁት፣ ፌሮው ከሁለት ጣት በታች ነበር የገባው። ስምንተኛው ክረምት ላይ ከሥሯ ቅርፊት መጣል ጀመረች። ባለቤቱ ጠርተው ሲያሳዩኝ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። እንግዲህ ቤት ለ50 ዓመት ከሆነ ፌሮ ይበቃል። ህንዶቹ ግን የሚያስቡት ለሺህ ዓመት ነው፣ በሺህ ዓመት ደግሞ የማይዝግ ፌሮ የለም።

ይሄ ነገር ለኛም እንግዳ አይደለም። የአክሱም ሐውልት ከሮም በሦስት ቁራጭ በ2005 በአውሮፕላን ሲመለስ ታስታውሳላችሁ። በ2008 ሲተከል ቁራጮቹን ያያያዙት በብረት አይደለም። ኬቭላር በሚባል ሰው ሠራሽ ዘንግ ነው፣ ጥይት የማይበሳው ሰደርያ የሚሠራበት። ብረት ቢሆን ይዝጋል፣ መብረቅም ይጠራል። ሮም እያለ በ2002 መብረቅ መትቶታል እኮ።

የአርማታ ልጅ፦

ጋሼ ይሄን አላውቅም ነበር! አመሰግናለሁ። እኛ ጋ ሽፋን 5 ሳንቲም ካልሆነ ፎርማኑ ያስፈርሳል። አሁን ገባኝ ለምን እንደሚጮህብን።

እውነቱ ይነገር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ክሩ የጣዖት ቤት ማድነቂያ ሆነ እንዴ? ሁለተኛ፣ «ዘመናዊ» የምትሉት ምኑ ነው? ከሺህ ዓመት በፊት የነበረውን ቅርጽ እንደ ፎቶ ኮፒ መልሶ መሥራት ዘመናዊ ከተባለ እኔ ያያቴን ካባ ለብሼ ብወጣ ዘመናዊ ነኝ ማለት ነው።

ዲያቆኑ ከደብረ ብርሃን፦

ወንድሜ፣ የሚወራው ስለ ድንጋይ አጠራረብ ነው። ማየት ማምለክ አይደለም።

እኔን የገረመኝ ፕላኑ ነው። የኛ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ አለው። ወደ ውስጥ በገባህ ቁጥር ይጠብባል፣ ይጨልማል፣ የሚገባውም ሰው ያንሳል። የነሱም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ሰው የሚሰበሰብበት ባለ ምሰሶ አዳራሽ አለ፣ ማንዳፓ ይሉታል። ከዚያ መሸጋገሪያ። ከዚያ ምስሉ ያለበት ጠባብ ክፍል። ስሙ ጋርባግሪሃ ነው፣ ሲፈታ «የማኅፀን ቤት» ማለት ነው። በጥንቱ አሠራር አራት ማዕዘን ነው፣ መስኮት የለውም። ዋናው ማማ የሚቆመውም ልክ በሱ አናት ላይ ነው። ስለዚህ ውጭ ቆመህ ማማ ብትቆጥር ውስጥ ስንት መቅደስ እንዳለ ታውቃለህ። አቡ ዳቢ ላይ ሰባት የሆነው አንድም ለዚያ ነው፣ ከሥራቸው ሰባት መቅደስ አለ።

ልዩነቱ መጋረጃው ላይ ነው። እኛ ጋ ታቦቱ አይታይም፣ መሰወሩ ነው ክብሩ። እነሱ ጋ ሰው የሚሄደው ለማየት ነው። አማኙ ያያል፣ ምስሉም መልሶ ያየዋል ብለው ያምናሉ። ሕንፃው በሙሉ ለዚያች ለአንዲት መተያየት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ጫማ ማውለቁ ላይ ግን አንድ ነን።

ዝናብ ለንደን፦

የኔ ሰፈር ደረሰላችሁ! ሰሜን ምዕራብ ለንደን ነው የምኖረው፣ ኒስደን ያለው ትልቁ መንዲር (የሂንዱ ቤተ መቅደስ ማለት ነው) ከቤቴ በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። የአቡ ዳቢውን የሠራው ድርጅት ነው ያንንም የሠራው። የተከፈተው ኦገስት 1995 ነው። አስቡት፣ ጎረቤቱ የመኪና መለዋወጫ መሸጫና ተመሳሳይ ጡብ ቤቶች ናቸው፣ አውቶቡሱ ሲታጠፍ ያ ነጭ ነገር ድንገት ብቅ ይላል። መጀመሪያ ቀን ያየሁት ከሌሊት ሥራ ስመለስ ነበር፣ እንቅልፍ ያሳሳተኝ መስሎኝ ነበር።

ድንጋዩ የመጣበት መንገድ ደግሞ ጉድ ነው። ውጪው የቡልጋሪያ የኖራ ድንጋይ ነው፣ 2,828 ቶን። ውስጡ የጣሊያን እብነ በረድ፣ 2,000 ቶን። መጀመሪያ ሁሉም ወደ ህንድ ተጫነ። እዚያ ጠራቢዎቹ ቀረጹት። ከዚያ 26,300 ቁራጭ ሆኖ ለንደን ገባ። ከቡልጋሪያ ለንደን እኮ በቀጥታ ቢመጣ ቅርብ ነበር። ግን እጁ ያለው ህንድ ነው፣ ድንጋዩ ወደ እጁ ሄደ።

አጠገቡ ያለው አዳራሽ ደግሞ በእንጨት ነው፣ የበርማ ቲክና የእንግሊዝ ኦክ። እኔ በበኩሌ ከድንጋዩ ይልቅ የእንጨቱን ነው የምወደው፣ ይሞቃል።

ቦሌ ሚካኤል፦

ዘመናዊ ካላችሁ ዴልሂ ያለውን አበባ የሚመስለውን ነጭ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ለምን አታነሱም? እሱ ነው የምር ዘመናዊ።

ሜዳ ፕላን፦

እሱ ሂንዱ አይደለም፣ ባሃኢ የሚባል የሌላ ሃይማኖት ነው። ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ1986 ነው የተጠናቀቀው፣ አርክቴክቱ ፋሪቦርዝ ሳህባ የሚባል ኢራናዊ ነው። 27 የአበባ ቅጠል አለው። ከውስጥ አርማታ ነው፣ ላዩን እብነ በረድ አልብሰውት እንጂ። ምስል የለበትም፣ የማንም ሃይማኖት ሰው ገብቶ በዝምታ ይጸልያል። ዴልሂ ውስጥ ዘመናዊ የሂንዱ የፈለግክ እንደሆነ አክሻርድሃምን ተመልከት፣ 2005። ወይም ቀደም ብሎ በ1939 ጋንዲ የከፈቱትን የቢርላ ቤተ መቅደስ። ጋንዲ «የሁሉም ካስት (የዘር መደብ) ሰው ካልገባበት አልከፍትም» ብለው ነው የከፈቱት። ቅርጹ ጥንታዊ ነው፣ በሩ ግን አዲስ ነበር። ለ«እውነቱ ይነገር»ም ግማሽ መልስ ይሆን ይሆናል።

ካራማ ዱባይ፦

ግማሹን እኔ ልሙላ። ከፎቶ ኮፒ ውጭ የሆነ ማየት የሚፈልግ ዱባይ ይምጣ። ጀበል አሊ አብያተ ክርስቲያናቱ ያሉበት አካባቢ፣ ከሲኮቹ ቤተ ጸሎት ጎን፣ ኦክቶበር 2022 የተከፈተ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አለ። ይሄኛው ድንጋይ በድንጋይ የተደረደረ አይደለም። ዘመናዊ ሕንፃ ነው። ከውጭ ስታየው ግድግዳው የዓረብ ቤት መስኮት ላይ ያለውን ወንፊት የሚመስል ጥልፍልፍ አለው፣ ላዩ ላይ የነሐስ ጫፎች። ውስጥ ዋናው አዳራሽ ጣሪያ ላይ ትልቅ ሮዝ የሎተስ አበባ ተዘርግቷል፣ በ3ዲ ማተሚያ የታተመ። 16 አማልክት አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው።

እውነቱን ለመናገር እኔን አልያዘኝም። ንጹህ ነው፣ ብርሃን አለው፣ አየር ማቀዝቀዣው ይሠራል፣ ግን ትንሽ የሆቴል መቀበያ ይመስላል። አቡ ዳቢ ስትገባ ድምፅህን ትቀንሳለህ። እዚህ ስልክህን ታወጣለህ።

እውነቱ ይነገር፦

እሺ፣ የዱባዩን ፎቶ አየሁት። ለኔ እሱ ይሻለኛል። ቢያንስ ያለበትን ዘመን አይክድም። የአቡ ዳቢው ግን በ2024 ቆሞ በ1024 የቆመ ለመምሰል ነው የሚታገለው።

የአርማታ ልጅ፦

ወንድም፣ እሱስ መታገሉን አይደብቅም። ጓደኛዬ እንዳለኝ ሕንፃው ውስጥ ከ300 በላይ ሴንሰር ተቀብሯል። ሙቀቱን፣ ግፊቱን፣ የመሬት መንቀጥቀጡን ይለካሉ። መሠረቱ ላይ ደግሞ ከሲሚንቶው ብዙውን ቀንሰው የከሰል ማቃጠያ አመድ ነው የቀላቀሉት። ላዩ የአያት ካባ፣ ውስጡ የልብ ምት መለኪያ።

ሜዳ ፕላን፦

ከዚህም የበለጠ አለ። ህንድ ውስጥ አዮድያ ያለው የራም (የሂንዱዎች አምላክ ነው) ቤተ መቅደስ ጃንዋሪ 2024 ነው የተመረቀው። ቦታው ላይ የነበረው መስጊድ በ1992 ፈርሶ ብዙ ደም የፈሰሰበት፣ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2019 የተወሰነበት ነው። ስለ ሕንፃው ሲወራ ይሄ መዘለል የለበትም፣ ግን ክሩ ወደ ፖለቲካ እንዳይሄድ እዚህ ላይ ላቁም።

ምህንድስናው ግን ያስደንቃል። ሥሩ የወንዝ አሸዋ ሆነባቸው። አፈሩን ዝቀው አውጥተው 14 ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት በ56 ንብርብር እየጠቀጠቁ ሞሉበት። ሰው ሠራሽ አለት ሠሩ በሉት። በላዩ ግራናይት፣ እርጥበት ወደ ላይ እንዳይወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ብረት አልባው ድንጋይ የተቀመጠው።

እኔ የምወደው ግን መስታወቱን ነው። በራም ልደት ቀን እኩለ ቀን ላይ የፀሐይ ጮራ ከላይኛው ፎቅ ገብቶ፣ በመስታወትና በሌንስ እየተመራ በቱቦ ወርዶ ምስሉ ግንባር ላይ ያርፋል። ትንሽ ክብ ብርሃን፣ ለጥቂት ደቂቃ። መጀመሪያ የታየው ኤፕሪል 2024 ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በዓሉ የሚውለው በጨረቃ አቆጣጠር ነው፣ በየዓመቱ ቀኑ ይቀያየራል፣ ፀሐይዋም ቦታ ትቀይራለች። ስለዚህ የሥነ ፈለክ ሰዎች አስልተው መስታወቱን የሚያዞር ጥርስ ያለው ማሽን ተሠራለት። ዑደቱ 19 ዓመት ነው፣ ከዚያ ይደገማል።

ዲያቆኑ ከደብረ ብርሃን፦

ስንት አልክ? 19?!

ንዑስ ቀመር እኮ ነው! ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይሄን ሲሰማ ከወንበሩ ይነሳል። ፀሐይና ጨረቃ በ19 ዓመት አንዴ ተመልሰው ይገናኛሉ፣ አበቅቴና መጥቅዕ የምናወጣው በሱ ነው። የፋሲካን ቀን የምናገኝበት ቁጥር እነሱ ጋ መስታወት ያዞራል። የኔታ በሕይወት ቢኖሩ ይሄን ነገሬያቸው ሲስቁ ባየሁ።

እውነቱ ይነገር፦

እሺ ይሄ መስታወት ነገር ጥሩ ነው። አንድ ነጥብ ወስዳችኋል። አንድ ብቻ።

ሰናይት ሻርጃ፦

ቁም ነገሩን ጨረሳችሁ? የኔ ጥያቄ ቀላል ነው። ጁላይ ላይ በ45 ዲግሪ በባዶ እግር እዚያ ግቢ ውስጥ እንዴት ነው የሚኬደው? እኔ ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ላይ ነጠላ ጫማ ረስቼ ወጥቼ እግሬ ተልጦ ያውቃል።

የአርማታ ልጅ፦

እህቴ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ግቢው ላይ ያነጠፉት ሙቀት የማይውጥ ልዩ ንጣፍ ነው። ሞቅ ይላል፣ አያቃጥልም። የውጪው ሮዝ ድንጋይም ለዚሁ ነው የተመረጠው፣ ራጃስታን ራሱ በጋው እሳት ስለሆነ ድንጋዩ ሙቀት ለምዶ ነው ያደገው። እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጥላ በኩል። እንደ እንስራ ቀዝቃዛ ነበር። ደግሞ የማንም እምነት ሰው ይገባል፣ ልብስሽ ግን ከአንገት እስከ ክርንና እስከ ቁርጭምጭሚት መሸፈን አለበት፣ ነጠላ ይዘሽ ነይ።

ቦሌ ሚካኤል፦

ከተሳሳትኩ ወዲህ አንብቤ መጣሁ። ህንድ ውስጥ ኤሎራ የሚባል ቦታ ካይላሳ የተባለ ቤተ መቅደስ አለ፣ 8ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ። ልክ እንደ ላሊበላ! ታዲያ ያን የሠሩ ሰዎች አሁን ለምን ቁራጭ ይገጣጥማሉ?

ጋሼ ባለሜትሩ፦

ልጄ፣ አለት ወደ ለንደን አይሄድማ። ፍልፍሉ አለቱ ባለበት ነው የሚቀረው። ሰው ተሰዶ ሲሄድ ቤተ ጸሎቱም ተበታትኖ በሣጥን መሄድ አለበት። እኛም ዋሽንግተንና ለንደን ላሊበላን አልወሰድንም፣ ያገኘነውን አዳራሽ ገዝተን ነው መጋረጃ የሰቀልነው።

ስለ ጠራቢዎቹ ካነሳን ሶምፑራ የሚባሉትን ላንሳ። ከአባት ወደ ልጅ ቤተ መቅደስ መሥራት ነው ሥራቸው። ፕራብሃሻንካር ሶምፑራ በ1951 የተመረቀውን የሶምናት ቤተ መቅደስ ነደፉ። የልጅ ልጃቸው ቻንድራካንት የለንደኑንም የአዮድያውንም ነደፉ። ቻንድራካንት በ1980ዎቹ መጨረሻ አዮድያን ሊለኩ ሲሄዱ ቦታው በጥበቃ የተከበበ ነበር፣ ሜትር ይዞ መግባት ክልክል። እንደ ማንኛውም ጎብኚ ገብተው በእርምጃቸው ቆጥረው ወጡ። በዚያች እርምጃ ነው የመጀመሪያው ፕላን የተነሳው። እኔም ወጣት ሆኜ ባለቤቱ ሳያይ መሬት የምለካው እንደዚያ ነበር፣ ዋጋ ከመንገሬ በፊት።

የአርማታ ልጅ፦

ጋሼ ይሄን ካነበብኩ በኋላ አላስቻለኝም፣ ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ። በውጭ በኩል ጎኑን በእርምጃ ለካሁት። 104 ሆነ። ርዝመቱ 262 ጫማ ነው ስለተባለ 80 ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ጋሼ ባለሜትሩ፦

80 ለ104... እርምጃህ 77 ሳንቲም ናት። ለፌሮ አሳሪ አትከፋም። የኔ 70 ነበረች፣ ብዙ መሬት አስከስራኛለች።